የጁባ ሁለት ፊደላት
ደቡብ ሱዳን የስልክ ኮዷን ነፃነቷን ባወጀችበት ወር አገኘች፤ የኢንተርኔት ስሟን ለማግኘት ግን ሰባት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ጠበቀች። የኢንተርኔት ደንብ ማን ያረቅቀዋል? ማንስ ያጸድቀዋል?

ከ2003 ዓ.ም. በፊት አዲስ አበባ ሆኖ ጁባ ላለ ወንድሙ መደወል የፈለገ ሰው አስቀድሞ «ሲምህ የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት። የጀምቴል ከሆነ የሚደወለው በዩጋንዳ ኮድ ነው፤ 256 ተብሎ 477 ይከተላል። የሌላ ኩባንያ ከሆነ ደግሞ በሱዳን ኮድ፣ በ249 ይደወላል። በጁባው ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው ከሚነጋገሩ ሁለት ነጋዴዎች የአንዱ ስልክ በዩጋንዳ፣ የሌላው በሱዳን ስም የተመዘገበ ነበር።

ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ነፃ አገር ሆነች። ከአምስት ቀን በኋላ 193ኛዋ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል ሆና ተመዘገበች። በዚያው ሐምሌ ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት 211ን ሰጣትና የስልኩ ጉዳይ መልክ ያዘ። ዛሬ ጁባ ውስጥ በየሱቁ ግንብ ላይ፣ በየቦቴው ጎን ተጽፎ የሚታየው ቁጥር በዚህ ይጀምራል።

የኢንተርኔቱ ስም ግን እንዲህ አልፈጠነም። «ዶት ኤስኤስ» በዓለም የኢንተርኔት ዋና መዝገብ ውስጥ የገባው ጥር 25 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ጁባ ላይ ሆቴል፣ ምግብ ቤት ወይም የግንባታ ዕቃ መደብር የከፈተ ሰው ድረ ገጽ ሲያሠራ አድራሻው በዶት ኮም ያልቅ ነበር። በእነዚህ ንግዶች ከተሰማሩት መካከል ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። የመንግሥት ሠራተኛም የሥራ ደብዳቤውን ከጂሜይል ወይም ከያሁ መላኩ የተለመደ ነበር። ነገሩ ከክብር ጥያቄ በላይ ነው። ከሚኒስቴር መጣ የተባለ የጨረታ ደብዳቤ ማንም በደቂቃ ከሚከፍተው ነፃ ኢሜይል ሲላክ፣ ተቀባዩ እውነተኛውን ከአስመሳዩ የሚለይበት ምልክት የለውም። አገሪቱ የምታስተዳድረው የራሷ ስም ሲኖር ግን በመንግሥት ቅጥያ የሚያልቅ አድራሻ ማን እንደሚሰጥ፣ ለማን እንደሚሰጥ ይታወቃል።

ይህን ያህል ዓመት የፈጀው ለምን እንደሆነ ለመረዳት አገሪቱ ከመወለዷ ከ27 ዓመት በፊት ወደተጻፈ ሰነድ መመለስ ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች የቴክኒክ ሰነዶቹ ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኢንተርኔት የሚሠራባቸው ደንቦች «አርኤፍሲ» በሚባሉ፣ ተራ ቁጥር ባላቸው ሰነዶች ይታተማሉ። የመጀመሪያውን ሚያዝያ 7 ቀን 1969 የጻፈው ስቲቭ ክሮከር የሚባል የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ዛሬ ቁጥራቸው ከዘጠኝ ሺሕ አልፏል። ከእነዚህ ውስጥ በ1984 የወጣው አርኤፍሲ 920 አገሮች በኢንተርኔት ላይ ባለ ሁለት ፊደል ስም እንዲኖራቸው ሐሳብ ሲያቀርብ፣ ፊደላቱን ከራሱ አልፈጠረም፤ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይሶ) ካወጣው፣ አይሶ 3166 ከሚባለው የአገሮች ኮድ ዝርዝር ወሰዳቸው። በ1994 ጆን ፖስቴል ያወጣው አርኤፍሲ 1591 ይህን አሠራር አጸናው። ፖስቴል በ1998 እስኪሞት ድረስ አያና የሚባለውን የኢንተርኔት ስሞችና ቁጥሮች መዝገብ በኃላፊነት የያዘ ሰው ነበር። በዚያ ሰነድ ውስጥ መዝገብ ቤቱ የትኛው አገር ነው፣ የትኛው አይደለም የሚለውን የመወሰን ሥራ እንደሌለው፣ ዝርዝሩን የመረጠውም አይሶ ይህን የሚለይበት ሥርዓት ስላለው መሆኑን በግልጽ አስፍሯል።

በእኔ አመለካከት ይህ አንቀጽ ኢንተርኔትን ከብዙ መዘዝ ያዳነ ነው። ስም የሚመዘግቡት መሐንዲሶች ስለ አገርነት የመፍረድ ሥልጣን ቢይዙ ኖሮ፣ የእያንዳንዱ ድንበር ክርክር ወደ እነርሱ ጠረጴዛ ይመጣ ነበር። ጁባም ማንነቷን ለመሐንዲሶች ማስረዳት ይጠበቅባት ነበር። አንቀጹ ግን ለሁሉም እኩል አልተመቸም። ሶማሌላንድ በዝርዝሩ ውስጥ ስለሌለች እስካሁን የራሷ ባለ ሁለት ፊደል ዶሜን የላትም፤ ስልኳም በሶማሊያ 252 ይጠራል።

ደቡብ ሱዳን ነሐሴ 2003 ዓ.ም. ላይ በአይሶ ዝርዝር ገባች። የተሰጣት ኮድ ከእንግሊዝኛ ስሟ የተወሰደው ኤስኤስ ነው። በጊዜው የቴሌኮሙኒኬሽን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ስቲቨን ሉጋ አገራቸው እነዚህን ፊደላት ብትፈልግም፣ የናዚ ፓርቲ የታጠቀ ቡድን ምህጻር ስለነበሩ ጥያቄው ውድቅ እንዳይደረግ ሰግተው ነበር። ውድቅ አልተደረገም።

ዝርዝሩ ከፊደላቱ ጎን ለእያንዳንዱ አገር ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥርም ይሰጣል። ፊደሉ የሚለወጠው የአገሩ ስም ሲለወጥ ነው፤ ቁጥሩ ግን የግዛቱ ስፋት ሲለወጥ ይለወጣል። ስለዚህ ለደቡብ ሱዳን 728 ሲሰጥ፣ ስሟን ያልለወጠችው ሱዳን ከ736 ወደ 729 ተዛወረች። ይህ እኛም ላይ ደርሷል። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ የኢትዮጵያ ቁጥር ከ230 ወደ 231 ተለውጧል፤ ኤርትራ 232 ሆነች። የመረጃ ቋት የሚያዘጋጅ ባለሙያ ካልሆነ በቀር ይህን የሚያውቅ ብዙ አይገኝም። በአንድ ቢሮ ውስጥ የታረመ ሠንጠረዥ ግን በባንክና በጉምሩክ ሥርዓቶች ሁሉ ውስጥ ገብቶ ይኖራል።

ፊደሉ ተገኘ፤ ሰርቨሩስ?

ኮድ ማግኘት የመጀመሪያው ደጃፍ ብቻ ነው። አርኤፍሲ 1591 ስሙን የሚረከበው አካል ለአገሩ ኅብረተሰብ ባለአደራ እንዲሆን፣ የአስተዳደር ኃላፊው በአገሩ ውስጥ የሚኖር እንዲሆን፣ ሥራውን በብቃት መሥራት እንዲችል ይጠይቃል። መዝገብ ቤቱ በዚህ ላይ የአካባቢውን የኢንተርኔት ተጠቃሚዎችና የመንግሥትን ድጋፍ ያያል፤ ቀጥሎም ማሽኖቹን ይፈትናል። ፈተናው ቁርጥ ያለ ነው። ስለ ዶሜኑ ለሚመጣ ጥያቄ መልስ የሚሰጡ ቢያንስ ሁለት ሰርቨሮች ያስፈልጋሉ። በአንድ ኔትወርክ ላይ መሆን አይችሉም፤ ሁለቱም የሚሰጡት መልስ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ዩዲፒና ቲሲፒ በሚባሉት በሁለቱም የመረጃ መላኪያ መንገዶች ሲጠየቁ መመለስ አለባቸው።

ይህ ጥያቄ ከየት እንደመጣ የሚያስረዳው በ1997 የወጣው አርኤፍሲ 2182 ነው። አጭር ሰነድ ነው፤ ያነበብኩት ጁባን እያሰብኩ ነው። ሁሉንም ሰርቨሮች በአንድ ሕንፃ፣ በአንድ የመብራት መስመር፣ በአንድ የኢንተርኔት ግንኙነት ላይ አታስቀምጡ ይላል። አንዱ ቦታ ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋልና። የጻፉት ሰዎች ስለ ጁባ አላሰቡም። ነገር ግን ስሟን በምትጠብቅባቸው ዓመታት የጁባ ሕይወት በጄኔሬተር የሚተዳደር ነበር፤ ነዳጅ ሲወደድ ኢንተርኔቱም ይጠፋ ነበር። የውጭው ግንኙነት በአብዛኛው በጣሪያ ላይ በተተከለ የሳተላይት ዲሽ ነበር። ከዩጋንዳ ድንበር በኒሙሌ በኩል የመጣው የመጀመሪያው የፋይበር ኦፕቲክ መስመር ጁባ የደረሰው በ2012 ዓ.ም. ነው። ሰርቨሮቹን ጁባ ላይ ብቻ ማኖር ማለት አገሪቱን ከነስሟ በአንድ ጄኔሬተር ላይ መስቀል ማለት ነበር። ለዚህ መፍትሔ የሚሆን አሠራር በአህጉሩ አለ፤ የአፍሪካ የኢንተርኔት ቁጥሮች መዝገብ የሆነው አፍሪኒክ ለአገር ዶሜኖች ተጨማሪ ሰርቨር በማስተናገድ ይረዳል።

በዚህ መካከል የአገሪቱ የእርስ በርስ ጦርነት አለ። ታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ጁባ ላይ ተኩስ ተከፈተ፤ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ደግሞ ተደገመ። መስከረም 2 ቀን 2011 ዓ.ም. የሰላም ስምምነቱ አዲስ አበባ ላይ ተፈረመ። በዚያው ዓመት ጥር ወር የኢንተርኔት ስሞችን በዓለም ደረጃ የሚያስተባብረው ድርጅት፣ የአይካን፣ ቦርድ ዶት ኤስኤስ ለአገሪቱ ብሔራዊ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እንዲሰጥ አጸደቀና ስሙ በዋናው መዝገብ ገባ። ሕዝቡ በስሙ መመዝገብ የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ነው።

አንድ ወረቀት ሕግ እስኪሆን

እስካሁን «ሰነዱ ይላል» እያልኩ መጥቻለሁ። የሰነዱ ቃል እንዲህ በአገር ላይ ሥልጣን ካለው፣ አጽዳቂው ማን ነው? የኢንተርኔት ምህንድስና ግብረ ኃይል፣ በምህጻሩ አይኢቲኤፍ፣ በጥር 1986 ሳን ዲዬጎ ላይ 21 ሰዎች ተሰብስበው ያስጀመሩት ነው። አባልነት የለውም። ኩባንያም መንግሥትም እንደ ድርጅት ድምፅ የለውም፤ የሚናገረው ሰው በራሱ ስም ነው። ረቂቅ ማንም መጻፍ ይችላል፤ ለማቅረብ የሚከፈል ነገር የለም። ረቂቁ በስድስት ወር ውስጥ ካልታደሰ ጊዜው ያልፍበታል። ብዙዎቹ እዚያው ይቀራሉ።

ረቂቁ ተቀባይ ካገኘ በአንድ የሥራ ቡድን ውስጥ ገብቶ ይፈተሻል። እዚያ የሚደረገውን ንባብ ላላየ ሰው ማመን ይከብዳል። ጸሐፊዎቹ «ግድ»፣ «ይመከራል»፣ «ይቻላል» የሚሉትን ሦስት ቃላት በትልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል ይጽፏቸዋል፤ የእያንዳንዳቸው ትርጉም በ1997 በወጣው አርኤፍሲ 2119 ተወስኗል። ስለዚህ አንድ ገምጋሚ በአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ «ይህ ለምን ግድ ሆነ? ይመከራል ቢባል ምን ይጎዳል?» ብሎ ከያዘ ክርክሩ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ክርክሩ ከንቱ አይደለም። «ግድ» ከተባለ፣ ያን ያላሟላ ማሽን ከሌላው ጋር ላይነጋገር ይችላል። ካምፓላ ላይ የተገዛ ርካሽ ሞደም ጁባ ላይ ሥራ ይሥራ አይሥራ የሚወስነው እንዲህ ያለ አንድ ቃል ሊሆን ይችላል።

በስብሰባ ላይ ድምፅ አይቆጠርም። የቆየው ልማድ ሰብሳቢው ጥያቄ አቅርቦ ተሰብሳቢው አፉን ዘግቶ እንዲያጉመተምት መጠየቅ ነው፤ የሚደግፉት በአንድ ዙር፣ የሚቃወሙት በሌላ። የሚፈለገው ተቃውሞ የት እንዳለ ማወቅ ነው። በ2014 የወጣው አርኤፍሲ 7282 ይህን በደንብ ያብራራል። መቶ ሰዎች ደግፈው አምስት ሰዎች ቢቃወሙ፣ የአምስቱ ምክንያት መልስ ካላገኘ መግባባት ተደርሷል ማለት አይቻልም። በተቃራኒው መቶ ሰዎች ቢቃወሙም፣ ያነሱት ነጥብ ተመርምሮ በቂ መልስ ከተሰጠው ሥራው ሊቀጥል ይችላል። በአገራችን ሽማግሌ ዕርቅ ሲያወርድ የመጨረሻዋን ቅሬታ ሳይሰማ እንደማይነሣው ነው፤ የሚመዘነው ነገሩ ነው እንጂ የተናጋሪው ብዛት አይደለም።

ከቡድኑ ያለፈ ረቂቅ ለመላው ተሳታፊ ይቀርባል፤ ለመጨረሻ አስተያየት ቢያንስ ሁለት ሳምንት ክፍት ይሆናል። ከዚያ የአጽዳቂው መሪ ቡድን አባላት እያንዳንዳቸው አንብበው አቋማቸውን ይመዘግባሉ። ከአቋሞቹ አንዱ «ዲስከስ» ይባላል። ዲስከስ ያለ አባል ሰነዱን አስቁሟል ማለት ነው፤ ነገር ግን አልወደድኩትም ብሎ ማስቆም አይችልም። የቱ ክፍል፣ የቱ አንቀጽ ችግር እንዳለበትና ምን ቢስተካከል እንደሚያነሣው ጽፎ ማሳየት አለበት። ለምሳሌ የመረጃ ጥቅል (ፓኬት) ሲጠፋ ላኪው ስንት ጊዜ ደግሞ እንደሚልክ አልተወሰነም፤ ሺሕ ማሽኖች በአንድ ጊዜ መላክ ከደጋገሙ መስመሩ ይዘጋል፣ ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ይህ ሁሉ በይፋ ይቀመጣል፤ ማንም ገብቶ ማን ምን እንዳለ ማንበብ ይችላል። ሰነዱ አንዴ በቁጥር ከታተመ በኋላ ይዘቱ አይለወጥም። ይዘቱን መለወጥ ካስፈለገ ሌላ ቁጥር ያለው ሰነድ ይጻፋል።

ስለ ሥርዓቱ ያለኝ ፍርድ ይህ ነው፦ ካየኋቸው የዓለም አቀፍ ውሳኔ መንገዶች ሁሉ ለድሃ አገር በሩ የተከፈተው ይኸኛው ነው። ሆኖም በሩ ክፍት መሆኑ ብቻውን አይበቃም፤ የሚገባ ሰው ያስፈልጋል።

ማስረጃ ይሆን ዘንድ የክዊክን ጉዳይ ልጥቀስ። ክዊክ ከጎግል የመነጨ፣ ገጾችን በፍጥነት ለመክፈትና ግንኙነትን በምስጢር ለመጠበቅ የተሠራ ፕሮቶኮል ነው። አይኢቲኤፍ በ2016 የሥራ ቡድን አቋቋመለት። ዋናው ረቂቅ እስከ 34 ድረስ ታድሶ በግንቦት 2021 አርኤፍሲ 9000 ሆኖ ወጣ። አሁን ስልካችን ላይ ዩቲዩብ ስንከፍት ብዙ ጊዜ የሚሠራው እርሱ ነው።

የተለመደው የሳተላይት ዲሽ ግን ከምድር 35,786 ኪሎ ሜትር ርቆ ከተቀመጠ ሳተላይት ጋር ነው የሚነጋገረው። አንድ መልእክት ሄዶ መልሱ እስኪመጣ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ያልፋል። በቀድሞው አሠራር ገጹን ከመጠየቅ በፊት ሦስት ምልልስ ስለሚያስፈልግ አንድ ሴኮንድ ተኩል ባዶውን ይሄዳል። የሳተላይት ኩባንያዎች ይህን ለማቃለል በመስመሩ መካከል መሣሪያ ያስቀምጣሉ፤ በ2001 የወጣው አርኤፍሲ 3135 ስለ እነርሱ ይዘረዝራል። መሣሪያው በሩቁ ሰርቨር ፈንታ «ደርሶኛል» እያለ ስለሚመልስ ላኪው ሳይጠብቅ ይልካል። ክዊክ ይህን የ«ደርሶኛል» ምልልስ ራሱን በምስጢር ይዘጋዋል። ስለዚህ መሣሪያው አይቶ ሊረዳ አይችልም። በሌላ በኩል ክዊክ መነሻ ምልልሱን ወደ አንድ ስለሚያሳጥር ጥቅምም ያመጣል። ትንሽ ገጽ የሚከፍት ይጠቀማል፤ ትልቅ ፋይል የሚያወርድ ሊጎዳ ይችላል። ከዚህ የተነሣ አንዳንድ የሳተላይት አቅራቢዎች ክዊክን ዘግተው ደንበኛውን ወደ ቀድሞው አሠራር ይመልሱታል።

የሳተላይት ባለሙያዎች ጉዳዩን በአይኢቲኤፍ ውስጥ አንስተዋል፤ ምስጢር መጠበቁም ትክክለኛ ዓላማ ነው፤ ጁባ ላይ ላለ ጋዜጠኛ ከፍጥነት ይበልጣል ብሎ መከራከር ይቻላል። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ኑሮው በዲሽ ላይ የሆነ የጁባ መሐንዲስ፣ ጎዴ ወይም ጋምቤላ ላይ ቢሮውን በሳተላይት ያገናኘ የእኛ ቴክኒሻን የለካውን ቁጥር ይዞ በዚያ ክርክር ውስጥ መኖር ነበረበት። በአይኢቲኤፍ ውስጥ ከአፍሪካ የሚሳተፈው ሰው ከጥንትም ጥቂት ነው። ስብሰባውም እስካሁን በአፍሪካ ምድር ተካሂዶ አያውቅም። ቪዛና የአውሮፕላን ቲኬት ከብዙ ሰው አቅም በላይ ነው። ነገር ግን ዋናው ሥራ የሚሠራው በጽሑፍ ነው፤ ስብሰባውንም ከርቀት መከታተል ይቻላል፤ የመሳተፊያ ክፍያ ለማይችል ይነሣለታል።

ስንገባ እንደምንችል ያየንበት ጊዜም አለ። የፊደላችን ሆሄያት በኢንተርኔት ዋና ስሞች ውስጥ እንዴት እንደሚገቡ የሚወስነውን ደንብ ያረቀቀው በአይካን ሥር የተቋቋመ የግዕዝ ፊደል ባለሙያዎች ቡድን ነው። አማርኛን ብቻ ሳይሆን በዚህ ፊደል የሚጻፉትን ሌሎች ቋንቋዎችም ማየት ነበረበት። ረቂቁ ለሕዝብ አስተያየት ቀርቦ በ2017 በደንቡ ውስጥ ተካተተ። ይህን ሥራ ሌላ ሰው ቢሠራልን ኖሮ የትኛው ሆሄ ከየትኛው እንደሚምታታ አያውቅም ነበር።

ስለዚህ ቃሌ ለጁባ ዩኒቨርሲቲ፣ ለአዲስ አበባና ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር መምህራን፣ በየቴሌኮሙ ላላችሁ መሐንዲሶችም ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ተማሪ አንድ ክፍት ረቂቅ ይሰጠው፤ በመብራት መቆራረጥ፣ በሳተላይት መዘግየት፣ በውድ ዳታ ላይ ይፈትነው፤ ያገኘውንም በእንግሊዝኛ ጽፎ የመጨረሻው የአስተያየት ጊዜ ሳያልፍ ይላክ። ፈቃድ የሚጠየቅ አለቃ የለም። ሁለት ሳምንት ነው ያለው።